የቦክሲንግ ዴይ ሰልፍ ያዋጣል? ሌሊት ከመነሳታችሁ በፊት

ቦክሲንግ ዴይ ነው፤ የፈረንጁ ገና ማግስት፣ ትልቁ የዋጋ ቅናሽ፣ ሴል የሚሉት፣ የሚጀመርበት ቀን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር። ምሥራቅ ለንደን ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ የልብስ ሱቅ ፊት ቆመናል፣ እኔና የወንድሜ ሚስት። ከፊታችን ሃምሳ የሚሆን ሰው አለ። እሷ ከኮቷ በላይ ጋቢ ደርባለች። እኔ ከፔርሙዙ ቡና በክዳኑ እቀዳለሁ። ብርዱ ከእግር ጣት ነው የሚጀምረው። ንጋት 12 ላይ በሩ ተከፈተ።

ከ40 ደቂቃ በኋላ ሁለት ትልልቅ ከረጢት ተሸክመን ወጣን። ቤት ገብተን አልጋ ላይ ዘረገፍነው። 11 ዕቃ ነው። ከቤት ስንወጣ ያሰብነው ግን 3ቱን ብቻ ነበር። ደሴ ላለው የእህቴ ልጅ የገዛሁት ቦት ጫማ ደግሞ በሁለት ቁጥር ያንሰዋል። ልመልስ ስሄድ "የሴል ዕቃ ስለሆነ በሌላ እንቀይርልሻለን እንጂ ገንዘብ አንመልስም" አሉኝ።

በዓመቱ እንደገና ተሰለፍኩ። ያን ጊዜ የፈለግኩት አንድ የሱፍ ካፖርት ብቻ ነበር። ከኖቬምበር ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለብሼ ሞክሬዋለሁ። ዋጋው 180 ፓውንድ ነበር። በ90 ገዝቼ በ10 ደቂቃ ውስጥ ወጣሁ። ይኸው አምስት ዓመት ለበስኩት።

ስለዚህ ብሪታኒያ ያላችሁ ወገኖቼ "ሰልፉ ያዋጣል ወይ?" ስትሉኝ እንዲህ እላለሁ፦ ዕቃውን በስሙ፣ በሳይዙና በቀድሞ ዋጋው ካወቃችሁት ያዋጣል። ካላወቃችሁት ተኙ።

ደግሞ እኛ ገናን ጃንዋሪ 7 የምናከብር ሰዎች ትልቅ ዕድል አለን። ፈረንጁ ዲሴምበር 25 ከማክበሩ በፊት በሙሉ ዋጋ ይገዛል። በማግስቱ፣ በእኛ ታኅሣሥ 17፣ ዋጋው ይወርዳል። የእኛ በዓል ገና 12 ቀን ይቀረዋል። ለልጅ ልብስ፣ ለቤት ድስትና ብርጭቆ፣ ለእናት ሹራብ የሚሆን ጊዜ አለን። ይህንን ጊዜ ይዘን በአንድ ሌሊት መራኮት አያስፈልገንም።

ከታች የጻፍኩት እኔ ራሴ የምከተለው አካሄድ ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የሱቁ በር ላይ ጠዋት 6 የሚለው የእኛ ንጋት 12 ነው።

1. ከኖቬምበር ጀምሮ ዕቃውን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ

ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ይህንን የሠራ ሰው ሌላው ይቀለዋል።

ኖቬምበር ላይ ሱቅ ግቡ። የምትፈልጉትን ልበሱት፣ ጫማውን አድርጉት፣ ድስቱን አንሱና ክብደቱን እዩ። ከዚያ ዋጋው የተለጠፈበትን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ፎቶው ቀኑን ይዞ ይቀመጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው የዕቃው ኮድ እንዲነበብ አድርጉ። ኋላ ኦንላይን ስትፈልጉት በዚያ ኮድ ቶሎ ይወጣል።

ለምን እንዲህ እደክማለሁ? ሴል ላይ ሁለት ዋጋ ይጻፋል። አንዱ "ነበር" ይላል፣ ሌላው "አሁን"። የ"ነበር"ን እውነት የሚያሳያችሁ የራሳችሁ ፎቶ ነው። ሸማቹን የሚወክለው ዊች የተባለው ድርጅት የብላክ ፍራይደይን፣ የኖቬምበር መጨረሻውን ሴል፣ ዋጋዎች ደጋግሞ መርምሯል። አብዛኞቹ ዕቃዎች በሌላ ጊዜም በዚያው ወይም ባነሰ ዋጋ ተሽጠው አግኝቷል። የዲሴምበሩን ሴልም በዚሁ ዓይን እዩት።

"እስከ 70 በመቶ ቅናሽ" የሚለውንም አስተውሉ። "እስከ" የምትለው ቃል በትንሽ ፊደል ነው የምትጻፈው። 70 በመቶ የወረደው ጥግ ላይ ያለ አንድ መደርደሪያ ሊሆን ይችላል። እናንተ የምትፈልጉት 20 በመቶ ብቻ ወርዶ ይሆናል።

ለኤሌክትሮኒክስ ደግሞ ፎቶ ብቻ አይበቃም። ፕራይስስፓይ የተባለው ድረ ገጽ የአንድን ዕቃ የወራት ዋጋ በመስመር ሥዕል ያሳያል። ለአማዞን ካሜልካሜልካሜል አለ። መስመሩ ጥቅምት ላይም እንደዚሁ ዝቅ ብሎ ከነበረ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

2. ሱቁ በዕለቱ መከፈቱን አረጋግጡ

ሰው ተሰልፎ የተዘጋ በር ጠብቆ ያውቃል። ጆን ሉዊስ፣ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር፣ አልዲ ባለፉት ዓመታት ሠራተኞቻቸው እንዲያርፉ ብለው ቦክሲንግ ዴይን ዘግተው ውለዋል፤ ሱቃቸውን በማግስቱ ነው የከፈቱት። በንጋት 12 ሰልፉ የሚታወቀው የልብስ ሱቅ ኔክስት ራሱ በቅርብ ዓመታት ዲሴምበር 26 ዘግቶ ያውቃል። የምትሄዱበትን ቅርንጫፍ ሰዓት ከሱቁ ድረ ገጽ እዩ። ትልቁ የገበያ ማዕከል ዌስትፊልድ ክፍት ነው ማለት ውስጡ ያለ ሱቅ ሁሉ ክፍት ነው ማለት አይደለም።

የእሁድን ሕግም አስታውሱ። በእንግሊዝና በዌልስ ከ280 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ሱቅ እሁድ ከጠዋቱ 4 እስከ ምሽቱ 12 ባለው ጊዜ ውስጥ ለ6 ሰዓት ብቻ ነው መክፈት የሚችለው። በ2026 ዲሴምበር 26 ቅዳሜ ነው፣ 27 ደግሞ እሁድ። በማግስቱ እጀምራለሁ ያለ ትልቅ ሱቅ በዚያ እሁድ በንጋት መሸጥ አይችልም። በ2027 ቦክሲንግ ዴይ ራሱ እሁድ ይውላል።

3. መጀመሪያ ኦንላይን ፈልጉት

ብዙዎቹ ሱቆች ሴላቸውን ኦንላይን የሚጀምሩት በፈረንጁ የገና ዋዜማ ወይም በዕለቱ ነው። ሰው በር ላይ በብርድ ሲቆም፣ ያው ዕቃ በዚያው ዋጋ ስልኩ ላይ ካለፈው ሌሊት ጀምሮ እየተሸጠ ነው።

ኦንላይን የገዛ ሰው የተሻለ መብትም አለው። ዕቃው እጃችሁ ከገባ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ "ሐሳቤን ቀየርኩ" ማለት ትችላላችሁ። ካሳወቃችሁ በኋላ ለመመለስ ሌላ 14 ቀን አላችሁ። የሴል ዕቃም ቢሆን ይሠራል። ሱቅ ገብቶ የገዛ ሰው ግን ይህ መብት በሕግ የለውም። ሱቁ በራሱ ፈቃድ ይመልስለት ይሆናል እንጂ አይገደድም። የእኔን ቦት ጫማ ያስቀረብኝ ይኸው ነው። ተናድጄ ነበር። ግን ጫማው ብልሽት አልነበረበትም፤ ቁጥሩን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ በአካል መሰለፍ የሚቀረው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለብሳችሁ ካልሞከራችሁት የማይገዛ ነገር፦ ካፖርት፣ ሱፍ ልብስ፣ ጫማ። ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ብቻ የሚሸጥ፣ ጥቂት የቀረ ዕቃ። ለፎጣ፣ ለአንሶላ፣ ለድስት፣ ለቴሌቪዥን እኔ ከቤት አልወጣም።

4. የሰልፉን ዋጋ አስሉ

ሰልፍ ነጻ አይደለም። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ዕድሜው 21 ለሞላ ሠራተኛ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.71 ፓውንድ ነው። መንገዱን ጨምሮ 4 ሰዓት ብታጠፉ 50 ፓውንድ ከ84 ሳንቲም ነው። ትራንስፖርትና ቁርስ ጨምሩበት። የምታተርፉት ከዚህ ካነሰ ሰልፉ አክስሯችኋል።

ብዙዎቻችን በእንክብካቤ ቤት፣ በሆስፒታል ጽዳት፣ በጥበቃ፣ በአውቶቡስ ሾፌርነት ነው የምንሠራው። ቦክሲንግ ዴይ ባንክ ሆሊዴይ፣ ማለትም የሕዝብ በዓል ነው፤ ቅዳሜ ወይም እሁድ ሲውል ግን ባንክ ሆሊዴዩ ወደ ቀጣዩ ሳምንት የሥራ ቀን ይዛወራል። አሠሪው ጨምሮ እንዲከፍል ሕግ አያስገድደውም፤ ውላችሁ ላይ ግን አንድ ተኩል ወይም እጥፍ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ውሉን አውጥታችሁ እዩ። እጥፍ የሚከፈልበትን ሺፍት ትቶ 30 ፓውንድ ለማትረፍ መሰለፍ ቤተሰብን መጉዳት ነው።

5. መንገዱ

ዲሴምበር 25 ለንደን ውስጥ አውቶቡስም አንደርግራውንድም የለም። 26 ላይ አንደርግራውንዱ ዘግይቶ ይጀምራል፣ ቁጥሩም ያንሳል። ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄደው ባቡር በአብዛኛው ቆሟል። በሌሊት መድረስ የሚፈልግ ሰው ያለው ምርጫ መኪና ወይም ታክሲ ነው። ታክሲው በበዓል ዋጋ ነው።

በመኪና ለሚሄድ፦ ከዲሴምበር 25 እስከ ጃንዋሪ 1 ወደ ለንደን መሀል ከተማ በመኪና ለመግባት የሚከፈለው የኮንጀስሽን ክፍያ የለም። ዩሌዝ፣ ጭሱ ከመስፈርቱ በላይ የሆነ መኪና የሚከፍለው፣ ግን የሚያርፈው ዲሴምበር 25 ብቻ ነው። መኪናችሁ መስፈርቱን የማያሟላ ከሆነ 26 ላይ 12.50 ፓውንድ ትከፍላላችሁ። የመኪና ማቆሚያውን ሰሌዳ ደግሞ አንብቡ። ከከተማ ወጣ ያሉት የገበያ ማዕከሎች ማቆሚያቸው ብዙ ጊዜ ነጻ ነው፤ ግን ብዙዎቹ በካሜራ የሚቆጣጠሩት የ2 ወይም የ3 ሰዓት ገደብ አላቸው። በሌሊት መጥታችሁ ተሰልፋችሁ፣ ገዝታችሁ ስትወጡ ሰዓቱ አልፏል። ቅጣቱ በፖስታ እቤታችሁ ድረስ ይመጣል።

6. ለመቆሙ ተዘጋጁ

ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ለንደን ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። የምትቆሙት በጨለማ ነው። ሁለት ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ፔርሙዝ ቡና ያዙ። ጊዜው የነቢያት ጾም ስለሆነ የሚጾም ሰው በአካባቢው የሚበላ ላያገኝ ይችላል። ትንሽ ቆሎ ወይም ዳቦ ኪስ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ። ሕፃን ይዛችሁ አትምጡ። ካፖርቱ ሥር ቀለል ያለ ልብስ ልበሱ፤ የልብስ መለኪያው ክፍል ሰልፍ ሊኖረው ወይም ጭራሽ ሊዘጋ ስለሚችል መስታወት ፊት ቆማችሁ ትሞክራላችሁ።

7. በሩ ሲከፈት

ዓይን አዋጅ የሚሆነው እዚህ ነው። ሰው ይሮጣል። ቀይ ወረቀት በየቦታው። "ይሄ በ8 ፓውንድ! ያ በ12!" እያላችሁ እጃችሁ ይሞላል። የእኔ 11 ዕቃ የመጣው እንደዚህ ነው።

አትሩጡ፤ ግን በቀጥታ ሂዱ። ኖቬምበር ላይ ያያችሁት መደርደሪያ ቦታው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ቶሎ ሠራተኛ ጠይቁ፣ ፎቶውን አሳዩ። ውስጥ ከቆሙት ጥበቃዎችና ሒሳብ ተቀባዮች ስንቱ የእኛው ልጆች ናቸው። ከእናንተ ቀድመው ሌሊት የተነሱ ናቸው። እንደምን አደራችሁ በሏቸው።

ዕቃውን ስታገኙ እነዚህን እዩ። የጫማው ሁለቱ እግር አንድ ቁጥር ነው? ሴል ላይ ጫማ ይቀላቀላል፤ ቀኙ 42 ግራው 41 ሆኖ አይቻለሁ። ዚፑን ሁለት ጊዜ ክፈቱና ዝጉት። ስፌቱን በብብቱ በኩል ገልብጣችሁ እዩ። ቁልፍ ጎድሎ እንደሆነ ቁጠሩ። ብርጭቆና ሰሃን ከሆነ ካርቶኑን ከፍታችሁ አንድ በአንድ እዩ።

ኖቬምበር ላይ በዚያ ሱቅ አይታችሁት የማታውቁት ልብስ በብዛት ተደርድሮ ካገኛችሁ ጨርቁን ዳብሱት። ለሴል ተብሎ የመጣ፣ ሳሳ ያለ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወደ ሒሳብ ከመሄዳችሁ በፊት ሰው የሌለበት ጥግ ፈልጋችሁ ቁሙ። የያዛችሁትን ሁሉ ከዝርዝራችሁ ጋር አስተያዩ። ዝርዝሩ ላይ ያልነበረውን አንድ በአንድ አውጡት። ለእያንዳንዱ "ይሄ በሙሉ ዋጋ ቢሆን እገዛው ነበር?" በሉ። አልገዛውም ነበር ካላችሁ መልሱት። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ እኔን በየዓመቱ ከ50 ፓውንድ በላይ ያድነኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

8. አከፋፈልና ደረሰኝ

ሒሳብ ስትከፍሉ ስክሪኑን እዩ። ቀይ ወረቀት ላይ ያለው ዋጋ ማሽኑ ውስጥ ሳይገባ ሊቀር ይችላል።

የአንዱ ዕቃ ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነ ክሬዲት ካርድ ያላችሁ ሰዎች በእሱ ክፈሉ፤ ወሩ ሳያልቅ መክፈል የምትችሉ ከሆነ ብቻ። በ1974ቱ የብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ዕቃው ቢበላሽ ወይም ሱቁ ቢከስር ካርዱን የሰጣችሁ ባንክም ተጠያቂ ይሆናል። "አሁን ውሰዱ፣ ቆይታችሁ ክፈሉ" የሚለውን ግን ለሴል አትጠቀሙበት። ጃንዋሪ ረጅም ወር ነው። ብዙ አሠሪዎች የዲሴምበርን ደመወዝ ቀድመው ስለሚከፍሉ እስከሚቀጥለው ያለው ጊዜ ይረዝማል።

ደረሰኙን ፎቶ አንሱት፤ የሙቀት ወረቀት ስለሆነ ጽሑፉ ይጠፋል። "የሴል ዕቃ አይመለስም" የሚል ቢለጠፍም፣ ብልሽት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መልሳችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን የመቀበል መብት አላችሁ። የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ ነው ይህንን የሚለው። ቀድሞ የተነገራችሁና አይታችሁት የገዛችሁት ጉድለት ግን አይቆጠርም።

9. ወይም ደግሞ ጠብቁ

ሱቆች የሚያወርዱት ከቸርነት አይደለም። የጸደይ ልብስ እየመጣ ነው፣ የብርዱን ልብስ ማራገፍ አለባቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ የቀረው እንደገና ይወርዳል። 40 የነበረው 28፣ ከዚያ 20 ሲሆን አይቻለሁ።

የሚጠፋው ሳይዝ ነው። መካከለኛው ቶሎ ያልቃል፤ በጣም ትንሹና በጣም ትልቁ ይቀራል። እግራችሁ በጣም ትንሽ ወይም በጣም ትልቅ ከሆነ በፍጹም አትሰለፉ። ሳይዝ የሌለው ነገር፣ ሻርፕ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ሻንጣ፣ ጃንዋሪ 2 እና 3 ከሰዓት በኋላ በጸጥታ ይገዛል። ለእኛ ገና ይደርሳል።

10. ለአገር ቤት ስትገዙ

ከአዲስ አበባ ዘመድ ጎብኚ ከመጣባችሁ አንድ ነገር ንገሩት። ኤርፖርት ላይ ለቱሪስት ይመለስ የነበረው የቫት ገንዘብ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ቀርቷል። የሚያየው ዋጋ የሚከፍለው ዋጋ ነው።

ኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ቮልቴጁ አያስቸግርም፤ ኢትዮጵያም 220 ነው። የእንግሊዝ ሶኬት ግን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ አስማሚ አብራችሁ ላኩ። ትልቅ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የሻንጣውን ክብደት አስቡ። አንድ ከባድ የብረት ድስት ብቻውን የ23 ኪሎውን ሩብ ሊወስድ ይችላል።

ጫማ ላይ ግን ቁጥር በስልክ አትቀበሉ። አገር ቤት የሚታወቀው የአውሮፓው ቁጥር ነው። እህቴ ለልጇ 40 ብላኝ ነበር። እኔ የእንግሊዙ 5 ቁጥር 40 መሰለኝ፤ 38 ነው። የእንግሊዙ 8 ደግሞ 42 ነው። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ወረቀት ላይ ይቆማል። እናቱ እግሩን በእርሳስ ዙሪያውን ትሥላለች። ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት በማስመሪያ ትለካና ሴንቲሜትሩን ጽፋ ፎቶውን በቴሌግራም ትልክልኛለች። እኔ ሱቅ ውስጥ ከጫማው ምላስ ሥር የተጻፈውን ሴንቲሜትር ከእሱ ጋር አስተያያለሁ፤ ለሚያድግ ልጅ አንድ ሴንቲሜትር እጨምራለሁ።

ባለፈው ዓመት 25 ሴንቲሜትር ተኩል ብላ ላከችልኝ። ስኒከሩን የገዛሁት ጃንዋሪ 3 ከሰዓት በኋላ ነው። ሱቁ ውስጥ አራት ሰው እንኳን አልነበረም። ወደ አገር የሚሄድ ሰው ወሰደልኝ። ለጥምቀት ነጭ ልብሱ ላይ አድርጎት ወጣና ፎቶ ላከልኝ፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ከፊቱ ይልቅ ጫማው ነው።